እኔ ባልኖር ልጄ

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ካረፍክ ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ሙት ዓመትህን ሰኔ ላይ አወጣን። ዝናቡ ድንኳኑን አልፎ ሰው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፣ ለአንተ ነውና ሰዉ እየረጠበም ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መቃብርህ ድረስ መጥቼ ምንም ሳልተነፍስ ተመልሻለሁ፤ ልነግርህ የፈለግሁት ቆሞ የሚነገር አልሆነልኝም። አሁን የተማሪ ልብስ ልኬት የምጽፍበትን ደብተር ገልብጬ ከጀርባው ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ። ፈሪ መሆኔን ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። “ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል” እያልክ ስትስቅብኝ ነው ያደግሁት። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ሲያልበኝ ከረመ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብህም። ይበልጣል መጥቷል፤ በሕይወት አለ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መተማ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወጥቶ የቀረው ልጅህ፣ ያለቀስንለት፣ ፍትሐት የተፈታለት፣ ተዝካሩን የበላንለት ወንድሜ፣ ግንቦት ላይ በሩን አንኳኩቶ ገባ።

መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ የትምህርት ቤት ሸሚዝ እየሰፋሁ ነበር። ደንበኛ መስሎኝ ቀና ሳልል “ግቡ” አልኩ። ቀና ስል አንድ የከሳ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል፤ የፊት ጥርሱ የለም፣ አይኖቹ ግን የእማዬ ናቸው። ጮህኩ። ጩኸቴን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችልኝ ማን ትመስልሃለች? መምህርት ዘሃራ፣ የፊት ቤቱን የሸጥንላት። ሌባ የገባብኝ መስሏት መጥረጊያ ይዛ ከፊት ቤት በሩጫ መጣች። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያስለቅሰኛልም። ከወንድሜ ልታድነኝ ነው የመጣችው፤ ወንድሜ ደግሞ ኋላ ከቤቷ ትውጣ ብሎ እንደሚከሳት ያን ሰዓት ማናችንም አላወቅንም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታ ነበሩ አባዬ፣ አልዋሽህም። አንተንም እማዬንም ጠይቆ የሁለታችሁንም ሞት በአንድ ቀን ሰማ፤ አንጀቴ ተቆረጠ። ከዚያ ግን ሲበላ እያየሁ መጥገብ ጀመርኩ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰርንበትን ፎቶውን ራሱ አወረደው። ተዝካሩ ላይ ማን ማን እንደመጣ፣ ጠላው እንዴት እንደነበረ ጠየቀኝ። “ጠላው ቀጥኖ ነበር” ስለው “ሙት ባልሆን እበቀላችሁ ነበር” ብሎ ሳቀ። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰዎች ሲያማትቡ እሱም አብሮ ያማትባል።

የሆነው ይህ ነው። የሰሊጡ ማሳ ላይ ወባ ጣለው። ሲያቃዠው የማሳው ሰዎች በጭነት መኪና ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። አብረውት የነበሩት ስንት ቀን ጠብቀው ሳይመለስ ሲቀር አንደኛው፣ የደምበጫው ልጅ፣ ሞተ ብሎ ደመደመ። እሱ ግን ዳነ፤ ዳነና ባዶ እጄን ቤት አልገባም ብሎ ወደ ሱዳን ተሻገረ። እዚያ ዓመት ዓመትን ወለደ፣ እፍረት እፍረትን ወለደ፤ ያ አገር ሲታመስ ነው ነፍሱን ይዞ የወጣው።

መርዶው የመጣበትን ማለዳ ታስታውሳለህ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ሲደረደሩ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ እማዬ መሬት ላይ ወደቀች። የደምበጫው ልጅ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። በኛ አገር መርዶ ያመጣን ሰው እንዴት አወቅህ፣ አስከሬኑን በአይንህ አየህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ማልቀስ ነው እንጂ ምርመራ የለም። ማንም አልጠየቀም፣ አንተም አልጠየቅህም፣ እኔም ያን ልጅ እግሩን አጥቤ አበላሁት። አንድ ሰው አንዲት ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይኸ ሁሉ አይመጣም ነበር። እማዬም ምናልባት ትኖር ነበር፤ ይህን ግን ማሰብ አልፈልግም።

እማዬ ስትሞት ፍርድ ቤት ቀርበን ወራሽነት ያሳወጅነው በዚያ እምነት ነው። ዳኛው ሌላ ልጅ አላት ወይ ሲሉኝ ወንድሜ ሞቷል አልኩ። ምስክሮቹም ተዝካሩን በልተናል ብለው መሰከሩ። ወረቀቱ ላይ እኔ ብቸኛ ልጇ ተብዬ ተጻፍኩ። አንተ ስትታመም የፊት ቤቱን ለሕክምናህ የሸጥነው በዚያ ወረቀት ነው፤ አንተ በራስህ ድርሻ፣ እኔ በእማዬ ድርሻ ፈርመን።

ይበልጣል በሦስተኛው ሳምንት የእናቴ ቤት ውስጥ ያቺ ሴት ምን ትሠራለች አለኝ። እንዳለ ነገርኩት። ወረቀቶቹን አሳዪኝ ሲለኝም እኔ ሞኟ ሣጥን ከፍቼ ሰጠሁት። “ልጇ ይበልጣል አያሌው በሞት የተለየ በመሆኑ” የሚለው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝና “በቁሜ ቀበራችሁኝ፣ በቁሜ ተካፈላችሁኝ” ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማዬ ዘመዶች ዘንድ ነበር የሚያድረው። ሰኔ አጋማሽ ላይ መጥሪያው መጣ። ወራሽነቱ ይሰረዝ፣ ሽያጩ ይፍረስ፣ ገዢዋ ቤቱን ትልቀቅ ይላል።

ፍርድ ቤት ደግሞ ክረምቱን ይዘጋል። ቀጠሮው ለጥቅምት ሆነ። ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ መስከረምን ያንን ወረቀት ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። በር ሲንኳኳ የምሰፋውን ጥዬ እነሣ ነበር። የውሸት መሰከርሽ ብለው ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። ወንድሜን መንገድ ላይ ባገኘው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞ ሳላገኘው ስቀር ተመልሶ ሄደ ብዬ ፈራሁ። የልጆች ኮሌታ ገልብጬ ሰፍቼ ስንት ጊዜ ፈታሁ መሰለህ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የውሉ ቃል ነበር። አንተ ነህ ያስገባኸው አባዬ፣ ተቆጥቼብሃለሁ፣ ልደብቅህ አልፈልግም። ያን ቀን አዲሱን ጋቢህን ለብሰህ፣ በሽታው ጉንጭህን አጉድጉዶት፣ ጣት አሻራ አልሰጥም እፈርማለሁ ብለህ ተቀምጠህ ነበር። ዘሃራ በልጆቿ መሐል አንገቷን ደፍታ ነገ ቤቱ የኛ ነው የሚል ቢመጣ እኔ የወሎ ሰው ነኝ፣ እዚህ ማን አለኝ አለችህ። ጸሐፊውን አስቁመህ ቃል በቃል አስጻፍከው። “ገዢዋ ቤቱን ያለ ሁከት ትኑርበት። ተቃዋሚ ቢመጣ እኔ ሻጭ፣ እኔ ባልኖር ልጄ፣ ቀርበን መልስ እንሰጣለን።” ጸሐፊው “እኔ ሻጭ” ማለቱ ይበቃል ሲልህ አይበቃም አልከው። ዞር ብለህም አላየኸኝም። ፈሪ ልጅህን ሳትጠይቃት ዋስ አደረግሃት። አንተን እያየሁ እንቢ የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ፈረምኩ።

እኔስ ተቃዋሚ ብሎ ነገር ጎረቤት ወይም የሩቅ ዘመድ መስሎኝ ነበር። የራሴ ወንድም ይሆናል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር?

ነሐሴ ላይ ዘሃራ ወደኔ መጣች። እንደወትሮዋ በሩ ላይ ሆና ስሜን አልጠራችም፣ ገብታ ቁጭ አለች። ለፍርድ ቤት መልስ መስጠት ስላለባት ሻጮቹ ገብተው ይከራከሩልኝ ብላ ፍርድ ቤቱ ሳይዘጋ ማመልከቷን ነገረችኝ። “እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ከዚያ ወረቀት ሌላ የምይዘው የለኝም” አለችና አለቀሰች። በማግሥቱ ቤቷ ስገባ መጻሕፍቷን በካርቶን አድርጋ አስራለች። በየዓመቱ የምትዘራውን የጓሮ ጎመንም ዘንድሮ አልዘራችም። ልጆቿ ግቢ ውስጥ ድምፃቸውን ቀንሰው መጫወት ጀምረዋል። የተገዛ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ መኖር እንዲህ ያለ ነው አባዬ፤ ማንም ሳይነካህ ትለቃለህ።

አንዳንድ ቀን ወንድሜ እውነቱን ነው እላለሁ። እውነቱንም ነው። ከእናቱ ቤት ሞቷል ተብሎ ተፍቋል። ሌላ ቀን ዘሃራን አያለሁ። በዚህ መሐል የአንተ ቃል ትዝ ይለኛል፤ “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” ትል ነበር፣ ልጅ ሆነን እንዴት ያስፈራን ነበር። ከመርዶው በኋላ ግን ያንን ተረት አንድ ቀን ከአፍህ አልሰማሁትም። የወለዱት ሲጠፋ እንዴት እንደሆነ አየኸዋ። እኔ ደግሞ አሁን የወለድከውም የተናገርከውም ተመልሰው መጥተውብኝ፣ አንዱን ምረጪ የሚለኝ መጥሪያ ትራሴ ሥር ነበር።

ለማን ልንገር? ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ይበልጣል ሞቼ ሳለሁ የት ነበራችሁ ብሎ መለሳቸው።

የቁዩ በር ትዝ አለኝ። አናጺ ሆነህ ስትሠራ አንድ የቁይ ገበሬ በር አሠርቶህ ወስዶ፣ በዓመቱ ገበያ ላይ አግኝቶህ ስለ ጤናህ ብቻ ጠይቆህ አለፈ። አንተ ግን በሩ እንዴት ሆነ ብለህ ተከተልከው። ሰውየው አፍሮ ትንሽ ተጣሟል አለህ። እኔን አስከትለህ ቁይ ድረስ አዲስ መቃን ተሸክመህ ሄድክ። ማንም አልከሰሰህም፣ ማንም አልጠራህም። ስንመለስ ደክሞኝ ስነጫነጭብህ ሰው በሩን በዘጋ ቁጥር ስሜን በክፉ እንዲያነሣው አልፈልግም አልከኝ። ያን ጊዜ ለበር እንዲህ መድከም ሞኝነት መስሎኝ ነበር።

ቀጠሮው ባለፈው ሳምንት ደረሰ። ቁርስ አልወረደልኝም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ስሄድ ዘሃራ ናት ያስተካከለችልኝ። ኮሪደሩ ላይ እሷና እኔ በአንድ በኩል ተቀመጥን፣ ይበልጣል ፊት ለፊት። ፀጉሩን ተቆርጧል፤ ያንተን ጆሮ የመሰለ ጆሮ እንዳለው ያን ዕለት ነው ያየሁት። አይን ለአይን አልተያየንም። ጸሐፊዋ በር ላይ ወጥታ ስም መጥራት ጀመረች። የሱ ተጠራ፣ የዘሃራ ተጠራ። ቀጥሎ “አቶ አያሌው ተገኝ” አለች።

አባዬ፣ ያንተን ስም። የዘሃራን መልስ የጻፈላት ሰው የሻጮቹን ስም ከውሉ ላይ እንዳለ ገልብጦት ኖሯል። ደግማ ጠራችህ። አንተ ከአንዱ ጥግ ጋቢህን አጣፍተህ የምትመጣ መሰለኝ። ሦስተኛ ስትጠራ “አቤት!” ብዬ ተነሣሁ። ተነሥቼ ሳይ ይበልጣልም ተነሥቶ ቆሟል። ስምህን ሲሰማ ነው የተነሣው፣ ሳያስብ። እንደቆምን ተያየን። ጸሐፊዋ ሟች ናቸው ወይ አለች፤ ሁለታችንም አልፈናት ገባን።

ችሎት ውስጥ ዳኛው የሚከራከረው ማን ነው ሲሉ እጄን አወጣሁ። መጀመሪያ ያልኩት ወንድሜ በሕይወት አለ፣ ያው የቆመው ነው የሚል ነው። ሞቷል ብዬ የተናገርኩት መርዶ መጥቶልን ነው፣ መርዶ ነጋሪ ደግሞ አይጠየቅም፣ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ዳኛው ጎልማሳ ናቸው፣ በአነጋገራቸው የኛው አገር ሰው ናቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወደ እስር ቤት የሚልኩኝ መስሎኝ ነበር፣ ቀጥዪ አሉኝ። ወንድሜ ከፊት ቤቱ የሚደርሰውን እኔ ከምኖርበት ከኋላው ቤት ከኔ ድርሻ ቆርጬ ልስጠው፣ አባቴ ለዚህች ሴት ያለ ሁከት ትኑር ብሎ ፈርሟል፣ እሱ የለም፣ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ አልኩ። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። ዳኛው ውጡና ተነጋገሩ ብለው ሰዓት ሰጡን።

ኮሪደሩ ላይ ይበልጣል ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ያልኩትን እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ መሬት መሬቱን እያየ “መጀመሪያ ከዚያ ወረቀት ላይ አስነሡኝ” አለኝ። ቤቱ አልነበረም አባዬ። ሞቷል ተብሎ የተጻፈበት ማኅተም ነው ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣው። እኔ መጥሪያውን ስፈራ እሱ የራሱን ሞት ወረቀት ሲፈራ ከርሟል። በአንድ ከተማ ውስጥ።

ወራሽነቱ ተሰርዞ የሁለታችንም ስም ገባ። ስምምነታችንን መዝገብ ላይ አሰፈሩት። የኋላውን ቤት ቅዳሜ ዕለት በገመድ ለካን። ለእሱ የደረሰው ትልቁ ክፍል ነው፣ ለስፌቴ ብለህ ሰፊውን መስኮት ያበጀህበት። መኪናዬን አንተ ወዳረፍክባት ትንሿ ክፍል አዛውሬዋለሁ፤ ጨለማ ናት፣ ቀን በቀን መብራት እያበራሁ እሰፋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። አይከፋኝም ብዬ አልዋሽህም፤ ከፍቶኛል። ዓይኔ ቢደክም፣ ደንበኛ ቢሸሸኝ ምን እሆናለሁ የሚለው ፍርሃት አሁንም ከኔ ጋር ይነሣል ከኔ ጋር ይተኛል። ይበልጣልም ገና አልሳቀልኝም። ግድግዳውን ተካፍለን ሲያስል እሰማዋለሁ።

ግን ይህን ልንገርህ። ስምምነቱ ሲጻፍ ጸሐፊው ሊጨርስ ሲል ይበልጣል አንድ ነገር ጨምርልኝ አለው። ዘሃራ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ጸሐፊውን ቀስ እያለ አስጻፈው፦ ገዢዋ በቤቱ ላይ ተቃዋሚ ቢመጣባት፣ እኔ ይበልጣል አያሌው ከእህቴ ጋር ቀርቤ መልስ እሰጣለሁ። ያንተን ውል አንብቦት ኖሮ፣ ቃሉ ያንተው ነው። ፈረመ። ጣት አሻራ አልሰጥም አለ፣ በእጁ ጻፈ።

አባዬ፣ ፈሪነቴ አልለቀቀኝም፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ዘሃራ ልጆቿን ጮክ ብላ ስትቆጣ ስሰማ ግን ደስ ይለኛል፤ በራሷ ቤት ናት። አንተን የምረሳበት ቀን የለም። በየትኛውም ደጅ፣ በማንኛውም ሰው አፍ ስምህ ቢጠራ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እቆማለሁ። አሁን ደግሞ ከጎኔ ሌላ ሰው አብሮ ይቆማል።

ልጅህ ይታይሽ፣
ደብረ ማርቆስ